ሸማና ሻማ፣ ሱፍና ሱፍ፦ የጨርቃ ጨርቅ ስሞች አጠራርና ትርጉም

በግራና፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ ገበያ ጨርቅ ሊገዛ የወጣ ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚያወጣው ቃል ነው። «ሱፍ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነጋዴውም «አለ» ብሎ አንድ ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያው ያወርዳል። የጠየቀው ሰው ያሰበው ከበግ ጠጉር የተፈተለ፣ የሚያሞቅ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። የቀረበለት ግን ከፖሊስተር የተሠራ፣ መልኩ ብቻ ሱፍ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ሻጩም ገዢውም አልዋሹም፤ ሆኖም ዋጋው፣ ሙቀቱና አጣጠቡ የተለያየ ዕቃ በአንድ ስም ተጠርቶ እጅ ለእጅ ተለዋወጠ።

የጨርቅ ስም በአፍ የሚነገር ውል ነው ማለት ይቻላል። ስሙን በትክክል የጠራና ስሙ ምን እንደሚያመለክት ያወቀ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል፤ ያልጠራ ወይም ያላወቀ ደግሞ ያልፈለገውን ይዞ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የአጠራር ልዩነት ሁሉ ስሕተት አይደለም። አንዳንዱ የአካባቢ ልማድ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፤ አንዳንዱ ግን የዕቃውን ማንነት ይለውጣል። የሚከተለው ማብራሪያ ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነጥቦችን ያቀርባል።

ፊደል የማይናገረው ልዩነት

የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ በሚገባ ይጽፋል። መጥበቅንና መላላትን ግን አይጽፍም፤ ይህን አንባቢው ከዐውደ ንባቡ ተረድቶ ራሱ ይሞላል። ከልብስ ጋር የተያያዘ ጥሩ ምሳሌ «ሰፊ» የሚለው ቃል ነው። «ፊ» ጠብቆ ሲነበብ ስፋት ያለውን ነገር ይገልጻል፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ በመርፌ ወይም በመኪና ልብስ የሚሰፋውን ባለሙያ ያመለክታል። «ሰፊ ልብስ» እና «ልብስ ሰፊ» በጽሑፍ አንድ ዓይነት ቃል ይይዛሉ፤ በአፍ ሲነገሩ ግን ሁለት ቃላት ናቸው።

ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ክፍተት ለመሙላት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ስለዚህ የጨርቅ ስሞችን አጠራር ዛሬም የሚያስተምረው መጽሐፍ ሳይሆን የሚናገራቸው ሰው አፍ ነው። ከአያትና ከእናት ካልተሰማ፣ ከሸማኔና ከነጋዴ ካልተቀዳ፣ ከጽሑፍ ብቻ አይገኝም።

በሀገር ልብስ ስሞች ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ዓይነት የድምፅ ልዩነቶች አሉ።

የመጀመሪያው የአናባቢ ልዩነት ነው። «ሸማ» በግዕዝ «ሸ» ተጀምሮ «ማ» ጠብቆ ይነገራል፤ «ሸም-ማ» እንደ ማለት ነው። «ሸ» ወደ «ሻ» ከተለወጠና «ማ» ከላላ ቃሉ መብራት የሚሆነው «ሻማ» ይሆናል። «ጋቢ» በ«ገ» ከተነገረ «ገቢ» ሆኖ የገንዘብ ነገር ይመጣል። «ኩታ» ወደ «ኮታ» ከተጠጋ ትርጉሙ ድርሻ ይሆናል። በሚያውቅ ሰው አፍ እነዚህ ቃላት አይምታቱም፤ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማረ ሰው ወይም በውጭ ሀገር ያደገ ልጅ ግን በቀላሉ ሊያደናግራቸው ይችላል።

ሁለተኛው የመጥበቅና የመላላት ልዩነት ነው። «ነጠለ» በሚለው ግስ «ጠ» ይጠብቃል፤ «ነጠላ» በሚለው የልብስ ስም ግን ይላላል። «ጠባብ» ሲባል «ባ» ይጠብቃል፤ «ጥበብ» ሲባል «በ» ይላላል። «ፈተለ» ሲባል «ተ» ይጠብቃል፤ «ፈትል» ሲባል «ት» ይላላል። «ሸማኔ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ «ሸማ» ሁሉ «ማ»ን ያጠብቃል።

ሦስተኛው እንደ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ያሉ፣ ትንፋሽ በጉሮሮ ታፍኖ በድንገት የሚለቀቅባቸው ድምፆች ጉዳይ ነው። «ቆዳ» በ«ኮ» ከተነገረ ውኃ የሚያዝበት «ኮዳ» ይሆናል። «ጥጥ»፣ «ጥለት»፣ «ጨርቅ» እና «ነጠላ» በሙሉ እነዚህን ድምፆች የያዙ ቃላት ናቸው። አማርኛ ለማያውቅ እንግዳ በጣም የሚከብደው ይህ ነው፤ «ነተላ» ሲል የሚሰማው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ወይም «ሰ፣ ሠ» ዛሬ በአማርኛ ንባብ የድምፅ ልዩነት የላቸውም። «ሐር» ተብሎም «ሀር» ተብሎም ቢጻፍ ንባቡ አንድ ነው። በግዕዝ «ሐሪር» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚዛመድ ሥርወ ቃሉን የሚጠብቁ ጸሐፊዎች በሐመሩ «ሐ» ይጽፉታል። ይህ የአጻጻፍ እንጂ የአነጋገር ጉዳይ አይደለም።

ከጥጥ እስከ ጋቢ፦ የሀገር ልብስ ቃላት

የሀገር ልብስ ስሞች የሚጀምሩት ከሸማኔው ጉድጓድ ሳይሆን ከማሳው ነው። ጥጥ በሞቃት ቆላ የሚበቅል ሲሆን ከአማራ ክልል መተማ አካባቢ፣ ከወሎ በስተ ምሥራቅ ደግሞ አፋር በአምራችነት ይታወቃሉ። የተለቀመው ጥጥ ፍሬው በመዳመጥ ይለያል፤ ከዚያም በደጋን ተነድፎ ይፍታታል። ተነድፎ የለሰለሰው ጥጥ «ባዘቶ» ይባላል። ባዘቶው በእንዝርት ሲፈተል «ፈትል» ይሆናል፤ ፈትሉ ሲጠቀለል ደግሞ «ልቃቂት» ይባላል።

በሽመና ላይ ሁለት ቃላት ከሁሉም ይበልጣሉ፤ «ድር» እና «ማግ»። ድር ርዝመቱን ይዞ በመሸመኛው ላይ የሚወጠረው ክር ነው። ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ተይዞ ድሩን እያቋረጠ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመላለሰው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት የተወሰደው ከዚህ ሥራ ነው፤ የሸረሪት ቤትም «ድር» የተባለው በዚሁ አምሳያ ነው። «ማግ» በ«ግ» ይነገራል። በ«ቅ» ከተነገረ «ማቅ» ይሆናል፤ ማቅ ደግሞ ከጠጉር የሚሠራ ሻካራ ጨርቅ ሲሆን፣ «ማቅ ለበሰ» ማለት ኀዘን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በአንድ ድምፅ መዛነፍ የሰርግ ልብስ የኀዘን ልብስ ይሆናል።

እነዚህን ሁለት ቃላት ማወቅ ለገዢ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በብዙ የእጅ ሽመና ውጤቶች ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል ነው። በሀገራችን ክርና ጨርቅ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ቆየት ያሉ ናቸው። የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመ ሲሆን፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። የፋብሪካ ክር ጠንካራና እኩል ስለሆነ ለድርነት ይመረጣል፤ የእጅ ፈትል ደግሞ ለስላሳና አየር የሚይዝ ስለሆነ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ «ጋቢው የእጅ ፈትል ነው» ሲባል «ድሩስ? ማጉስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው ሻጩን መጠራጠር አይደለም፤ ፈታይዋ ለደከመችበት ሥራ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው።

ከሽመናው የሚወጡት ልብሶች በውፍረታቸው ይለያያሉ። «ነጠላ» ስሙ እንደሚጠቁመው ስስ ነው። «ኩታ» ይደረባል። «ጋቢ» ወፍራምና ለብርድ የሚሆን ነው። «ቡልኮ» ከጋቢም ይከብዳል፤ «ቡሉኮ» ብለው የሚጠሩትም የሚጽፉትም አሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በልብሱ ጫፍ የሚገባው ባለ ቀለም ሽመና «ጥለት» ሲባል፣ በጌጥ የበለጸገው «ጥበብ» ይባላል። የልብሱ «ጥበብ» እና የዕውቀቱ «ጥበብ» በአጻጻፍም በአነጋገርም አንድ ናቸው። «ጃኖ» ደግሞ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ ቀድሞ የመኳንንት መለያ የነበረ ልብስ ነው።

በደጋው፣ በወሎና በመንዝ አካባቢ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ «ባና» ይባላል። ይህ ማለት የአካባቢው ሰው እውነተኛውን ሱፍ ከውጭ ጨርቅ ጋር ከመተዋወቁ በፊት በራሱ ስም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ባሕር ተሻግረው የመጡ ስሞች

ወሎ ከጥንት ጀምሮ የደጋውን ሀገር ከአፋር ቆላና ከቀይ ባሕር ጋር የሚያገናኝ የንግድ መንገድ ያለፈበት ምድር ነው። በዚያ መንገድ ጨርቅ ሲመጣ ስሙም አብሮ መጥቷል።

ከዐረብኛ የመጡት ብዙ ናቸው። «ሱፍ» በዐረብኛም የበግ ጠጉር ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ሦስት ትርጉም ይዟል። አንደኛ ከጠጉር የተሠራው ጨርቅ፣ ሁለተኛ «ሙሉ ሱፍ» ሲባል ኮትና ሱሪ አንድ ላይ የሚለበሰው ልብስ ከምንም ጨርቅ ይሠራ፣ ሦስተኛ ለዘይትና ለፍትፍት የሚሆነው የእህል ዓይነት። አጠራሩ በሦስቱም አንድ ስለሆነ መለየት የሚቻለው በሚከተለው ቃል ነው። ገበሬው «ሱፍ ዘራሁ» ሲል፣ ነጋዴው «ሱፍ ለበስሁ» ሲል የሚያደናግር ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው በጨርቁና በአለባበሱ መካከል ነው። ስለሆነም «የበግ ጠጉር ሱፍ ነው ወይስ ሱፍ መሰል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«ሻሽ» ለራስ መሸፈኛ የሚሆን ስስ ነጭ ጨርቅ ሲሆን በዐረብኛም ስስ የጥጥ ጨርቅን ያመለክታል። «ሹራብ» እና «በርኖስ» የሚሉትም ከዚያው ቋንቋ ጋር ይዛመዳሉ። «አቡጀዲ» ነጭ ወይም ያልነጣ ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው። «አቡጀዲድ» ብለው መጨረሻውን «ድ» አሟልተው የሚጠሩት አሉ፤ «ጀዲድ» በዐረብኛ አዲስ ማለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ድ» መውደቁ የተለመደ ስለሆነ በየትኛውም መንገድ ቢጠራ ያው ጨርቅ ይመጣል። ይህ የማይጎዳ ልዩነት ነው።

«ከፈን» እና «ከፈይ» ግን መለየት አለባቸው። «ከፈን» በሙስሊሞች ዘንድ ለአስከሬን የሚሆነው ነጭ ተራ ጨርቅ ነው፤ በክርስቲያኖች ዘንድ «መግነዝ» የሚባለው ነው። «ከፈይ» ደግሞ ፊቱ በአጫጭር ጠጉር የተሸፈነ፣ የሚያብረቀርቅ የክብር ጨርቅ ነው፤ ለካባ፣ ለልብሰ ተክህኖና ለመጋረጃ ይሆናል። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። በኀዘን የደከመ ሰው ወይም ለመልእክት የተላከ ልጅ ቃሉን ቢያሳስት የሚፈጠረው አለመግባባት ከገንዘብ በላይ ነው። «ከፈይ»ን «ከፋይ» ብለው የሚጠሩና የሚጽፉም አሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ግብር ከፋይ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ይገጥማል።

«ሐር» የሚለው ስም በወሎ የተለየ ክብደት አለው። በእስልምና ሕግ ወንድ ንጹሕ ሐር እንዳይለብስ የተከለከለ ስለሆነ ጨርቁ እውነተኛ ሐር መሆን አለመሆኑን ማወቅ ለሙስሊሙ ገዢ የሃይማኖት ጉዳይ ጭምር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ስለት የሚገዛ ሰውም ሐር ብሎ የተሳለውን ሐር አድርጎ ማግባት ይፈልጋል። ሐር የሚመስል ነገር ግን ከፖሊስተር የተሠራ ጨርቅ በገበያ ስለሚበዛ «ሐር» እና «ሐር መሰል» የሚሉትን ቃላት ለይቶ መጠቀም ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ከሐር የሚሠራው ባለ ጌጥ ጨርቅ «ግምጃ» ይባላል፤ የመንግሥት ሀብት የሚቀመጥበት ቤት «ግምጃ ቤት» መባሉ ይህ ጨርቅ ምን ያህል ውድ እንደነበረ ይመሰክራል።

ከፋርስና ከሕንድ በኩል የመጡም አሉ። «ካኪ» የሚለው ቃል በፋርስኛ አፈር ወይም አቧራ ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን መጀመሪያ የቀለም እንጂ የጨርቅ ስም አልነበረም። ሁለቱም «ክ» ያለ መታፈን ይነገራሉ። የቡናማ ወረቀት ፖስታ «ካኪ ፖስታ» መባሉ ከዚሁ ቀለም የተነሣ ነው። «በፍታ» ደግሞ በፋርስኛ የተሸመነ ማለት ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለጥሩ የተልባ እግር ጨርቅ ይሠራበታል። ገበሬው የሚያውቀው ተልባ ለፍሬው የሚዘራ ነው። በሌሎች ሀገሮች ግን ከአገዳው ክር ይወጣል፤ «የተልባ እግር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ በሱቅ «ሊነን» የሚባለው ይኸው ጨርቅ ነው።

ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የልብስ ሰፊዎችን ቃል አበልጽገዋል። የልብስ ውስጠኛ ገበር «ፎደራ»፣ የስፖርት ልብስ «ማሊያ» የሚባሉት ጣሊያንኛ ናቸው። «ዳንቴል» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፤ የጠርዙን ቅርፅ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። «ሺፎን» በፈረንሳይኛ ቁራጭ ጨርቅ ማለት ነው። «ሽፎን» ተብሎም ይነገራል፤ ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። ነገር ግን ይህ ስም በባሕር ማዶ ስስ ጨርቅ ብቻ ሳይወሰን በሀገር ልብስ ሻጮች ዘንድም ለስስ ነጭ ሽመና ስለሚሠራበት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ስሞች ደግሞ የከተማ ወይም የሀገር ስም ናቸው። «ጂንስ» ከጣሊያኗ ጄኖቫ፣ «ዴኒም» ከፈረንሳይዋ ኒም፣ «ካሽሚር» ከካሽሚር ምድር፣ «ጀርሲ» ከጀርሲ ደሴት የተወሰዱ ናቸው። «ሙስሊን» የተባለው ስስ የጥጥ ጨርቅ ከኢራቋ ሞሱል ከተማ ስሙን አግኝቷል። መጨረሻው «ን» መሆኑን መጠበቅ ይገባል፤ በ«ም» ከተነገረ የእስልምና እምነት ተከታይ ማለት ይሆናል።

የጥሬ ዕቃ ስም፣ የአሠራር ስም፣ የልብስ ስም

በገበያ ለሚፈጠረው አብዛኛው መደናገር መነሻው አጠራር ሳይሆን ሦስት ዓይነት ስሞች መቀላቀላቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ የሚናገሩ ናቸው፤ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ተልባ፣ ናይለን፣ ፖሊስተር፣ ቪስኮስ። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ለዓለም የቀረበ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ፖሊስተር በ1940ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር ተገኝቶ ተስፋፋ። ቪስኮስ ደግሞ ከእንጨት የሚወጣውን ነገር በኬሚካል በማሟሟት ይሠራል።

ሁለተኛዎቹ ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩ ናቸው፤ ሳቲን፣ ሺፎን፣ ክሬፕ፣ ከፈይ፣ ጀርሲ፣ ዴኒም። ሳቲን ከሐርም ከፖሊስተርም ሊሠራ ይችላል። «ሳቲን ነው» የሚለው መልስ ጨርቁ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ መሆኑን እንጂ ከምን እንደተሠራ አይናገርም።

ሦስተኛዎቹ የልብሱ ስሞች ናቸው፤ ጋቢ፣ ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ሹራብ፣ ማሊያ። ሽርጥ በወሎ ቆላማ አካባቢ ወንዶች በወገባቸው የሚያገለድሙት ነው። ሽርጡ ከጥጥ ነው ወይስ ከፖሊስተር የሚለውን ስሙ አይነግርም፤ በሙቀት ለሚውል ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥጥ ላብ ይመጣል፤ ፖሊስተር አይመጥም።

ስለዚህ ጥሩ ገዢ አንድ ስም ሰምቶ አይቆምም። «ሳቲን» ሲባል «የምን ሳቲን?» ይላል፤ «ሹራብ» ሲባል «የምን ሹራብ?» ይላል። ሁለተኛው መልስ የዋጋውን ምክንያት ይገልጣል።

በመለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

በአዲስም ሆነ በልባሽ ልብስ ውስጠኛ ስፌት ላይ ትንሽ መለያ ትገኛለች። በእርሷ ላይ የጨርቁ ስምና መጠኑ በመቶኛ ይጻፋል። ጽሑፉ የውጭ ቋንቋ ስለሆነ አጠራሩን ማወቅ ይረዳል።

• ኮተን፦ ጥጥ ነው። በጣሊያንኛ ኮቶኔ፣ በቱርክኛ ፓሙክ ይባላል። የእንግሊዝኛው ስም ሥሩ በዐረብኛ ጥጥ የሚባልበት «ቁጥን» ነው።

• ዉል፦ ሱፍ፣ ማለትም የበግ ጠጉር ነው። በጣሊያንኛ ላና ይባላል።

• ሲልክ፦ ሐር ነው። በጣሊያንኛ ሴታ ይባላል።

• ሊነን፦ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። በጣሊያንኛ ሊኖ ይባላል።

• ፖሊስተር፣ ናይለንና አክሪሊክ፦ ሦስቱም ሰው ሠራሽ ናቸው። አክሪሊክ ሱፍ መስሎ ብዙ ጊዜ በሹራብና በብርድ ልብስ ላይ ይገኛል።

• ኤላስቴን ወይም ስፓንዴክስ፦ የሚለጠጥ ክር ነው። ከሌላ ክር ጋር በጥቂቱ ይቀላቀላል።

የባዕድ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ የአማርኛን ባሕርይ ይለብሳል። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎችን አያጣብቅም፤ ስለዚህ «ስትሬች» የተባለው የሚለጠጥ ጨርቅ በብዙዎች አፍ «እስትሬች» ይሆናል። «ቪስኮስ» «ቢስኮስ»፣ «ፖሊስተር» «ቦሊስተር» ተብሎ ቢነገርም የሚያስደንቅ አይደለም፤ «ቨ» የተባለው ፊደል ራሱ ለባዕድ ቃላት ሲባል የተጨመረ ነው። እንዲህ የሚናገር አረጋዊ ሊታረም አይገባም። የሚለው ነገር ግልጽ ነው፤ የሚመጣለትም ዕቃ አይለወጥም።

ስሙ ሲያጠራጥር

መለያ በሌለበት ጊዜ ቃሉን የሚያረጋግጥ ቀላል መንገድ አለ። ሻጩ ከፈቀደ ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክሮችን መዝዞ፣ ከሌላ ጨርቅና ከልጆች በራቀ ቦታ፣ በብረት መቆንጠጫ ይዞ መለኮስ ነው።

ጥጥና ተልባ እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ ሽታቸውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ የሚተዉት ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ሱፍና ሐር በቀስታ ይነዳሉ፤ ሽታቸው የተቃጠለ ጠጉር ሲሆን ቀሪያቸው በጣት ሲታሽ ይደቅቃል። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም ጠንካራ ፍሬ መሰል ነገር ይተዋሉ። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ከወደቀ ተጣብቆ ስለሚያቃጥል በእጅ መያዝ አይገባም። ክሮቹ የተቀላቀሉ ከሆነ ምልክቶቹም ይቀላቀላሉ።

ይኸው ዕውቀት በእሳት አጠገብ ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄም ነው። በምድጃ ዙሪያ የምትውል እናት የጥጥ ልብስ ብትለብስ ይመረጣል፤ ጥጥም ቢሆን ይነዳል፣ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል።

ስሙ የአያያዝ መመሪያም ነው። ጥጥና ተልባ ትኩስ ካውያ ይችላሉ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ከታሸ ይሸበሸባል፣ ይጠባልም፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ወይም በለብታ ውኃ በቀስታ ይታጠባል፤ ሲተኮስም እርጥብ ጨርቅ ይደረብበታል። ናይለንና ፖሊስተር በትኩስ ካውያ ይቀልጣሉ። «ሱፍ ነው» ተብሎ በትኩስ ካውያ የተነካ የፖሊስተር ሱሪ አንድ ጊዜ ካበራ ወይም ከተኮማተረ አይመለስም።

የትኛው አጠራር ይጠበቅ?

ከላይ የተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንድ መለኪያ ያሳያሉ። አጠራሩ ቢለወጥ የሚቀርበው ጨርቅ ያው ከሆነ ልዩነቱ የልማድ ነው። አቡጀዲና አቡጀዲድ፣ ቡልኮና ቡሉኮ፣ ሺፎንና ሽፎን፣ ስትሬችና እስትሬች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አጠራሩ ሲለወጥ የሚቀርበው ዕቃ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሸማና ሻማ፣ ማግና ማቅ፣ ከፈንና ከፈይ፣ ሙስሊንና ሙስሊም የዚህኛው ወገን ናቸው። አጠራሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ዕቃው የሚለያይባቸውም አሉ፤ ሱፍ፣ ሐር፣ ሳቲንና ሽፎን። ለእነዚህ መፍትሔው አንደበትን ማረም ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ለመጥፋት የቀረቡት የባዕድ ስሞች ሳይሆኑ የሀገር ቃላት ናቸው። ፖሊስተር የሚለውን ስም መለያው በየዕለቱ ያስታውሰዋል። ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ ድርና ማግ የሚሉትን ግን የሚያስታውሳቸው የሚፈትልና የሚሸምን ሰው ብቻ ነው። እንዝርት በየቤቱ ሲቀር ቃላቱም አብረው ይቀራሉ፤ ቃላቱ ሲቀሩ ደግሞ በእጅ የተፈተለውን ከማሽን ሽመና፣ የተሸመነውን ጥለት ከታተመው ለይቶ የሚጠይቅ ገዢ ይጠፋል። ጠያቂ ከሌለ ደግሞ ለእጅ ሥራ የሚገባውን ዋጋ የሚከፍል አይኖርም።

በአማርኛ «ውል» ማለት የስምምነት ቃል ነው፤ የልቃቂት ክር ጫፍም «ውል» ይባላል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት እንደሚወሳሰብ ሁሉ ስሙ ያልተለየ ጨርቅም ገበያውን ያወሳስባል። ጫፉን ይዞ የጀመረ ግን ልቃቂቱን እስከ መጨረሻው ይተረትረዋል።